ከቃል ጥናት ወደ ጭብጥ፦ የሕግ ፈተና ዝግጅት በታሪክ ዐይን



ርእሴ የሕግ ፈተና ዝግጅት ቢሆንም የምነሣው ከታሪክ ነው። በአገራችን ሕግ ከዩኒቨርሲቲ በፊትም ይጠና ነበር። ፍትሐ ነገሥት በቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ከመምህር አፍ እየተሰማ ከነትርጓሜው ይያዛል፤ በአደባባይ ደግሞ ተሟጋቾች በ«በልሃ ልበልሃ» ይከራከራሉ። የመጀመሪያው ትውስታን፣ ሁለተኛው ነገር መለየትን ያሠለጥን ነበር።

በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጉ 3367 አንቀጾችን ይዞ ወጣ፤ በ1956 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ። ይህን ሁሉ አንቀጽ በቃል መያዝ የሚቻል አይደለም፤ ከሕግ ተማሪም የሚፈለገው ሌላ ችሎታ ነው። እኔ ግን ይህን ዘግይቼ ተረዳሁ።

ተማሪ ሳለሁ የዕረፍት ጊዜዬን ሲሬ፣ በአባቴ ቤት ተቀምጬ የውል ሕግን ሸመደድሁ። ጥያቄው አንድ ሰው ቤቱን በሦስት ምስክሮች ፊት በቃል ሸጦ ኋላ ስለ መካዱ ነበር። የአንቀጽ 1678ን መሠረታዊ ሁኔታዎች አንድ ሳላስቀር ዘረዘርሁ፤ ያገኘሁት ውጤት ግን አሳፋሪ ነበር።

አባቴ የአገር ሽማግሌ ነበሩ፤ በጃርሱማ ሸንጎ ብዙ ነገር ሰምተዋል። ጥያቄውን ስነግራቸው፣ «በመጀመሪያ የተሸጠው ምንድን ነው? በሬ ነው ወይስ ቤት?» አሉኝ። ስሕተቴ የታየኝ ያን ጊዜ ነው። ለበሬ ሽያጭ ሕጉ የተለየ ፎርም ስለማይጠይቅ በገበያ የተሰጠ ቃል ይበቃል (አንቀጽ 1719)። የቤት ሽያጭ ግን በጽሑፍ መሆን፣ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊትም መመዝገብ አለበት (አንቀጽ 1723)፤ ሕጉ ያዘዘው ፎርም ካልተጠበቀ ውሉ ረቂቅ ብቻ ነው (አንቀጽ 1720)። አንቀጾቹን ሁሉ አውቃቸው ነበር፤ ጭብጡን ግን አልያዝሁም።

ስለዚህ የምመክራችሁ ይህን ነው። ፍሬ ነገሩን ሁለት ጊዜ አንብቡ፤ ጭብጡን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አንቀጽ ፈልጉ፤ አንቀጹን ከፍሬ ነገሩ ጋር አገናዝቡ፤ በመጨረሻም ወስኑ። የቆዩ ጥያቄዎችን ሰዓት ይዛችሁ በጽሑፍ ሥሩ፤ መልሳችሁንም ለባልንጀራችሁ ሰጥታችሁ አስተቹ።

በሕግ ተማሪዎች የተጀመረው አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለሌሎች የትምህርት መስኮችም ተዳርሷል፤ ጭንቀታችሁም ይገባኛል። ነገር ግን ከፈተናው ማግስት ቤቱን ሊያጣ የደረሰ ሰው ፊታችሁ ይቀመጣል። እርሱ የሚፈልገው የሸመደዳችሁትን ሳይሆን የእርሱን ነገር መረዳታችሁን ነው።