ቤተ ልሔም፦ የአንድ ስም ፍች

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ በመሆኗ በሊቃውንት ዘንድ የታወቀች ናት። ስሟ ግን ዕብራይስጥ ነው፤ «ሌሔም» እንጀራ ማለት ስለሆነ «የእንጀራ ቤት» ተብሎ ይፈታል። በዐረብኛ ያው ሥር ሥጋን ያመለክታልና፣ በእኅት ቋንቋ ብቻ የሚፈታ ሰው ይስታል። ብሉይ ኪዳን ከ4ኛው እስከ 6ኛው መቶ ዓመት ወደ ግእዝ የተመለሰው ከጽርእ ሲሆን፣ በጽርእ ስሙ ባዶ ድምፅ ነው። ሆኖም አበው የቍርባኑ ኅብስት የሚሰናዳበትን ቤት ቤተ ልሔም ብለውታል፤ ከዚህ የበለጠ መዝገበ ቃላት አላውቅም። በመጽሐፈ ሩት የኑኃሚን ቤተ ሰብ ከቤተ ልሔም ወደ ሞዓብ የሚሰደደው በረኃብ ነው። የእንጀራው ቤት እንጀራ አጣ ማለት ነው፤ ይህን የሚሰማው ዕብራይስጡን የሚያውቅ ነው። ኑኃሚንም የተመለሰችው የገብስ አጨዳ ሲጀመር ነበር።