ጄኔሬተሯ ለምን አልነሣ አለች?

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ነገሩ የሆነው አሪዞና ውስጥ ነው፤ ኳርትዝሳይት በምትባል የበረሃ ከተማ። በሐምሌ የሄደባት ሰው ሙቀቱን አይችለውም። በጥር ግን ሌላ አገር ትሆናለች። ከሰሜኑ ብርድ የሸሸው ጡረተኛ፣ የከበረ ድንጋይ ሻጩ፣ ገዢው፣ ተመልካቹ፣ ሁሉም ቤቱን ጎማ ላይ ጭኖ ይመጣና ሜዳው ላይ ይሰፍራል። መሬቱ የፌዴራል መንግሥት ነው፤ ፈቃዱን የከፈለ ሰው በፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ ሊከርምበት ይችላል። የመብራት ምሰሶ ብሎ ነገር የለም። መብራት የሚፈልግ መብራቱን ይዞ ይመጣል።

እኛ የመጣነው በሞተርሆም ኦፓል ይዘን ነው። ባልና ሚስት ናቸው ሻጮቹ፤ እኔ ረዳት። ከላስ ቬጋስ ተነሥተን በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ወርደን፣ ከኳርትዝሳይት በኋላ ደግሞ ወደ ቱሳን ትልቅ የድንጋይ ገበያ ልናልፍ። የሚስትየዋ አጎት አብረውን ነበሩ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው ደሴ ጋራዥ ውስጥ ያደጉ መካኒክ ናቸው፤ ላስ ቬጋስ ገብተው ታክሲ ሲነዱ አረጁ እንጂ እጃቸው ሙያውን አልረሳም።

ኦፓል ያለ መብራት አይሸጥም። የወሎው ኦፓል፣ በ2008 እንደ ፈረንጆቹ በደላንታ ወገል ጤና አካባቢ የተገኘው፣ መብራት ሲያርፍበት ነው ውስጡ ያለው ቀይና አረንጓዴ የሚነድደው። እንግዲህ መብራቱ ከባትሪ፣ ባትሪው ከጄኔሬተር ነው። ጄኔሬተሯ ደግሞ በሞተርሆሟ ጎን፣ ከበሩ ደረጃ አለፍ ብሎ ባለች ዝቅ ያለች ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች።

ይቺ ጄኔሬተር ታዲያ ጠዋት ጠዋት እምቢ ማለት ጀመረች። ማስነሻውን ሲጫኑት ትዞራለች፣ ትንገዳገዳለች፣ ትጠፋለች። ብዙ ከለመኗት በኋላ ትነሣለች። ባልየው፣ ማለትም ልጁ፣ ምክንያቱን ያገኘው መሰለው። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለና፤ የመኪናው ሞተርና ጄኔሬተሯ የሚጠጡት ከአንድ ታንክ ነው፣ ነገር ግን የጄኔሬተሯ መምጠጫ አጠር ተደርጎ ነው የሚሠራው። ቤንዚኑ ወደ ሩብ ሲወርድ መምጠጫው አየር ላይ ይቀርና ጄኔሬተሯ ትጠፋለች። በረሃ ላይ ሲያበራ ያደረ ሰው መውጫ ቤንዚን እንዳያጣ ታስቦ ነው። ልጁም «ታንኩ ጎድሎባት ነው» አለና ከተማ ወርዶ አፍ እስከ ገደፉ ሞላት። ጋሼ ያን ጊዜ «ግማሽ እያለ እንዴት ጎደለ ትላለህ?» ብለውት ነበር፤ እሱ ግን ሞልቶ መጥቷል።

በማግሥቱ ማለዳ ልጁ ማስነሻውን ሊጫን እጁን ሲዘረጋ ሚስቱ ከመኝታዋ ተነሣች።

«ቆይ! ቤንዚን ሸተተኝ።»

ጋሼ ከየት መጡ ሳይባል በሩ ላይ ናቸው። «ማንም ሰው ምንም ማብሪያ ማጥፊያ እንዳይነካ! ሁሉንም እንዳለ ትታችሁ ውጡ።»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ልንገራችሁ፤ በሞተርሆም የምትጓዙ፣ ልጆች ይዛችሁ የምትወጡ ሁሉ ይህችን ስሙ። የቤንዚን ተን ከአየር ሦስትና አራት እጥፍ ይከብዳል። ሽቅብ አይበተንም፤ ወለል ለወለል እየሄደ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። ቅዝቃዜም አያስተማምንም፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆኖ እንኳ እሳት የሚይዝ ተን ይሰጣል። አየሩ ውስጥ 1.4 በመቶ ያህል ከገባ ለመቀጣጠል በቂው ነው። የብዙ ሞተርሆም ፍሪጅ ደግሞ በረሃ ላይ በፕሮፔን ነው የሚሠራው፤ ከግድግዳው በስተጀርባ፣ ከታች በኩል፣ ትንሽ ነበልባል ሌት ተቀን ትነድዳለች። የሚፈስ ቤንዚንና የሚነድ ፍሪጅ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው ማለት ነው።

ጋሼ ስለዚህ ወደ ጄኔሬተሯ አልሄዱም። በቀጥታ ወደ ፕሮፔኑ ሲሊንደር ሄደው ቫልቩን ዘጉት፤ ነበልባሏ ጋዝ አጥታ ራሷ ትጥፋ ብለው ነው። በሮቹንና መስኮቶቹን አስከፈቱ። ነፋሱ ቤቱን እስኪያጸዳው አስጠበቁንና ነው የባትሪውን ኔጌቲቭ የፈቱት። የእሳት ማጥፊያውን እኔ እጅ ላይ አኖሩት። ሚስትየዋ በዚያ መሐል የኦፓሉን ሣጥን አቅፋ ራቅ ብላ ቆማለች። ትክክል ነበረች፤ የወሎ ኦፓል ውኃ ይጠጣል፣ ውኃው ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል፤ ዘይትና ኬሚካል የጠጣው ግን ላይመለስ ይችላል።

አሁን ወደ ጄኔሬተሯ ሣጥን። ስትከፈት ከጄኔሬተሯ ሥር ያለው ዝርግ ብረት ርሷል። ልጁ «ካርቡራተሩ ነው» አለ፤ ጎረቤታችን ጡረተኛው ፈረንጅ «ፖምፓው ነው» አለ። ጋሼ መልስ አልሰጡም። የሞተር ዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘው አሸተቱት። የካርቡራተሩ መርፌ ሳይዘጋ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ ሆድ ወርዶ ዘይቱ ከልኩ በላይ ይሆን ነበር፣ ቤንዚንም ይሸት ነበር። ዘይቱ ልኩ ላይ ነው፤ ሽታውም የዘይት ብቻ። ካርቡራተሩ ነጻ ወጣ።

ከዚያ ያደረጉት ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል። ሁሉን ነገር በጨርቅ አደረቁት፤ ፖምፓውን፣ ፊልትሮውን፣ መጋጠሚያውን ሁሉ። ከሥር ንጹሕ ካርቶን ዘረጉ። በነጭ ሶፍት መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ጠቀለሉና ቁጭ አሉ። ልጁ ይቁነጠነጣል፤ ጋሼ ዝም። ከቆይታ በኋላ ካርቶኑ ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ ወጣች። የፖምፓው ሶፍት ደረቅ ነው። የፊልትሮውም ደረቅ ነው። የረጠበው ወደ ሣጥኗ የሚገባው ጎማ ቱቦ ጀርባ ነው፤ ከውስጡ ሳይሆን በላዩ ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚመጣው። ጋሼ ጣታቸውን ቱቦው ላይ አድርገው ሽቅብ ተከተሉት፤ ከመኪናው ሥር ገቡ፣ በሻንሲው አግዳሚ ብረት በላይ አለፉ። ቱቦው ብረቱን ተሻግሮ ወደ ታች በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«ና እይ» አሉት ልጁን።

ቱቦው እዚያ ላይ እንደ በጋ ተረከዝ ተሰነጣጥቋል። ሲያጥፉት ስንጥቁ አፉን ይከፍታል፣ ከውስጡ ቤንዚን እንደ ላብ ይወጣል። ያረጀ ጎማ ነው፤ አሜሪካ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፣ ለዚያ ያልተሠራን ጎማ ደግሞ ኤታኖሉ እያደረቀ ይፈረካክሰዋል።

አሁን ነው የጋሼ ሙያ የታየኝ። መፍሰሻውን ማግኘት ብቻ አልበቃቸውም። «ይቺ ስንጥቅ ያለችው የት ከፍታ ላይ ነው? ከታንኩ ግማሽ በላይ፣ ከሙሉው በታች» አሉ። «ታንኩ ሞልቶ ሲያድር ቤንዚኑ ከስንጥቋ በላይ ነውና ወደ ውጭ ይገፋል፤ ያንጠባጥባል። ታንኩ ሲጎድል ቤንዚኑ ከስንጥቋ በታች ይሆናል፤ ያኔ አይፈስም፣ አይሸትም፣ ግን አየር ትስባለች። ሌሊቱን አየር ገብቶ ቱቦው ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ ታንኩ ይመለሳል። ጠዋት ፖምፓው የሚስበው ባዶ ነው። አልነሣ ያለችህ በዚህች ነው። ሞልተህ የመጣህ ቀን ደግሞ ያቺው ራሷ አፈሰሰችብህ።»

ሁለት በሽታ የመሰለን አንድ ነው። ልጁ ቀና ብሎ አያቸውና «በቴፕ እንጠቅልላት?» አለ። «ቤንዚን ሙጫ ያሟሟል ልጄ። ደግሞ አንድ ቦታ የተሰነጠቀ ጎማ ሌላውም ቦታ ተራውን እየጠበቀ ነው። ሙሉውን ነው የምንቀይረው።»

ሞተርሆሟ መነሣት ስለሌለባት በጎረቤታችን ፒክአፕ ከተማ ወረድን። ከተማዋ መቃብር ውስጥ አናቱ ላይ የመዳብ ግመል የቆመበት የድንጋይ ፒራሚድ አለ። ሐጂ አሊ የሚባል፣ ከኦቶማን ግዛት በ1856 ከግመሎች ጋር በመርከብ የመጣ ሰው ያረፈበት ነው፤ የአሜሪካ ጦር በረሃውን በግመል ጭነት ሊያቋርጥ ሞክሮ ነበር። ጋሼ አስቁመው ወረዱና አዩት፤ ሐውልቱን ዞሩ፣ «ከግመሉ ጋር ማስታወሳቸው ጥሩ ነው» ብለው ተመለሱ።

መለዋወጫ ቤቱ ውስጥ ጋሼ ቱቦው ላይ የታተመውን ነው ያነበቡት። ኤስኤኢ 30አር7 የሚል ምልክት ያለበት፣ ውስጡ ሩብ ኢንች የሆነ የነዳጅ ጎማ፤ ለካርቡራተር ዓይነቱ ዝቅተኛ ግፊት የተሠራ ነው። የውኃ ቱቦ መልኩ ቢመሳሰልም ለቤንዚን አይሆንም። የቱቦ ማጥበቂያ ፋሼታዎቹንም ጠርዛቸው ለስላሳ የሆኑትን መረጡ፤ ጥርስ ያለው ፋሼታ ሲጠብቅ ጎማውን ይበላዋል።

ሥራው ከፍለጋው ቀለለ። ቱቦውን በፒንሳ ቆንጥጠው ፍሰቱን ዘጉ፤ ውስጡ የቀረውን ወደ ቀዩ የቤንዚን ጀሪካን አወረዱ። አዲሱን ጎማ በስለታም ምላጭ ቀጥ አድርገው ቆረጡት። የመጋጠሚያውን እብጠት አልፎ እስኪቀመጥ ገፉት፣ ፋሼታውን ከእብጠቱ ጀርባ አስገብተው በካቻቢቴ ጎማው ትንሽ እስኪያብጥ ድረስ ብቻ አጠበቁት። ከጭስ ማውጫው አራቁት። ብረቱን በሚሻገርበት ቦታ እንዳይፋተግ ሰፋ ያለ ጎማ ሰንጥቀው ልብስ አደረጉለት። ፊልትሮውንም ቀየሩት፤ የተፈረፈረው ጎማ ገብቶበት ነበር።

ያን ቀን አላስነሡም። ንጹሕ ካርቶን ከሥር ዘርግተው አደሩ፤ ታንኩ እንደሞላ ነው። በማግሥቱ ካርቶኑ ደረቅ ነበር፤ ሚስትየዋም ተጎንብሳ አሸተተች፣ ምንም የለም። ባትሪው ታሰረ። ፖምፓው መጀመሪያ ብቻውን ሠርቶ አዲሱን ቱቦ ሞላ፣ ጄኔሬተሯም ተነሣች። ጋሼ ኤሲውን አስከፍተው ጭነት ላይ እየሠራች ቱቦውን ዳር እስከ ዳር በእጃቸው ዳሰሱት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያውን መሞከሪያ ተጭነው እስኪጮህ ድረስ ያዙት፤ ጭሷም ወደ ጎረቤት መስኮት አለመሄዱን ዞረው አዩ። ፕሮፔኑ የተከፈተው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ልጁ «እንግዲህ ተሠራች» ሲል ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ግማሹን ነው ያየነው።»

ኦፓሉ ተሸጠ፣ ድንኳኑ ተነቀለ፣ ወደ ቱሳን ተጓዝን። ጋሼ መንገዱን ሁሉ ዓይናቸው የነዳጅ መለኪያው ላይ ነው። ልጁ ማደያ አይቶ ሊታጠፍ ሲል «አትሙላት» አሉት። ቱሳን ስንገባ መርፌው ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር፤ እንደዚያው አሳደሯት። ጠዋት ልጁን ጠርተው ማስነሻውን አስጫኑት፤ በመጀመሪያው ንክኪ ተነሣች፣ አልተንገዳገደችም። ጋሼ ያን ጊዜ ነው «አሁን ተሠርታለች፤ ሂድ ሙላት» ያሉት።