የዕለተ ልደት ክትባት

የዕለተ ልደት ክትባት፦ ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው የመጀመሪያው የሄፓታይተስ ቢ መከላከያ ክትባት።

ሐኪሞችና አዋላጆች ይህን ክትባት በእንግሊዝኛ ስሙ «በርዝ ዶዝ» ይሉታል። በአማርኛ «የልደት ክትባት» ቢባል ያጥራል፤ ነገር ግን ሰሚው ከተወለደ በኋላ በሰነበተ ጊዜም የሚደርስ ሊመስለው ይችላል። የዚህ ክትባት ጉልበት ያለው በመጀመሪያው ዕለት ስለሆነ ቀጠሮው ከስሙ ውስጥ መግባት አለበት። «የዕለተ ልደት ክትባት» ያልነው ለዚህ ነው።

ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። ብዙ ሰው የጉበት ሕመምን የሚያውቀው ዓይን ቢጫ ሲሆን ነው፤ «የወፍ በሽታ» ይለዋል። ሆኖም ቫይረሱ በደማቸው ተቀምጦ የሚኖርባቸው አብዛኞቹ ሰዎች ዓይናቸው ቢጫ አይሆንም፤ ሕመምም አይሰማቸውም። ወደ ዐረብ አገሮች ለሥራ ለመሄድ የጤና ምርመራ ያደረጉ ብዙ ወጣቶች ቫይረሱ እንዳለባቸው የሰሙት እዚያው ምርመራ ላይ ነው። ቫይረሱ ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ቆይቶ የጉበት ጠባሳ ወይም የጉበት ካንሰር ሊያስከትል ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2022፣ 254 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሥር ከሰደደ ሄፓታይተስ ቢ ጋር ይኖሩ ነበር፤ በዚያው ዓመት 1.1 ሚሊዮን ያህሉ በዚሁ በሽታ ሞተዋል።

ቫይረሱ ሥር መስደድ አለመስደዱን በዋናነት የሚወስነው ሰው የተያዘበት ዕድሜ ነው። ጤነኛ አዋቂ ቢያዝ ብዙውን ጊዜ ሰውነቱ ቫይረሱን ያስወግደዋል፤ በሽታው ሥር የሚሰድባቸው ከ100 ከ5 አይበልጡም። በተወለደ ሰሞን የተያዘ ሕፃን ግን የሰውነቱ መከላከያ ገና ስላልጠና ቫይረሱን ለይቶ ማባረር ያቅተዋል። እንዲህ ካሉ 10 ሕፃናት 9ኙ ያህል ሥር የሰደደ በሽታ ይዘው ያድጋሉ።

ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው በአብዛኛው በምጥና በወሊድ ጊዜ፣ ሕፃኑ ከእናቱ ደምና ፈሳሽ ጋር ሲነካካ ነው። በእናቲቱ ደም ውስጥ ያለው ቫይረስ ብዙ ከሆነና ምንም መከላከያ ካልተደረገ ከ10 ሕፃናት ከ7 እስከ 9 የሚሆኑት ሊያዙ ይችላሉ። የጡት ወተት ግን ለዚህ በሽታ የሚያሰጋ መተላለፊያ አይደለም፤ ክትባቱን ያገኘ ልጅ ያለ ስጋት ጡት ይጥባ። እናቲቱም የምትወቀስበት ነገር የለም። እሷም በሕፃንነቷ ሳታውቀው የያዛት ሊሆን ይችላል።

ሕፃኑ በወሊድ ጊዜ ለቫይረሱ ከተጋለጠ በኋላ ክትባት ምን ይጠቅማል? ሄፓታይተስ ቢ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ሥር እስኪይዝ ሳምንታት ይፈጅበታል። ክትባቱ በዕለቱ ከተሰጠ የሕፃኑ ሰውነት ከቫይረሱ ቀድሞ መከላከያውን ያዘጋጃል። የየሰዓቱ መዘግየት ይህን ቅድሚያ ይቀንሰዋል። የመጀመሪያው ክትባት ብቻውን አይበቃም፤ ቢያንስ በአራት ሳምንት ልዩነት የሚሰጡ ሁለት ወይም ሦስት ተከታይ ክትባቶች ያጸኑታል። ታይዋን እ.ኤ.አ. በ1984 ሕፃናትን በአገር አቀፍ ደረጃ መከተብ ጀመረች፤ ከዓመታት በኋላ በልጆች ላይ የሚታየው የጉበት ካንሰር በግልጽ ቀነሰ።

ኢትዮጵያ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሄፓታይተስ ቢን መከላከያ ያካተተውን አምስት በአንድ ክትባት፣ ፔንታቫለንትን፣ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ስትሰጥ ቆይታለች። ይህ ሕፃናትን ከጨዋታ ጓደኛ፣ ከቤተሰብና ከአካባቢ ከሚመጣ ቫይረስ በሚገባ ይጠብቃል። በወሊድ ጊዜ ከእናት የሚተላለፈውን ግን አይደርስበትም፤ 6ኛው ሳምንት ሲመጣ ቫይረሱ ቀድሞ ገብቷል። ፔንታቫለንትን ወደ ልደት ቀን ማምጣትም አይቻልም፤ ከውስጡ ያሉት ሌሎች ክትባቶች ከ6 ሳምንት በታች ላለ ልጅ አይሰጡም። ስለዚህ ሄፓታይተስ ቢን ብቻ የያዘ ለብቻው የተዘጋጀ ክትባት ያስፈልጋል።

አስቸጋሪው ነገር ክትባቱንና ሕፃኑን በ24 ሰዓት ውስጥ ማገናኘት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2019 ቁጥሩ 48 በመቶ ደረሰ። ቤት ውስጥ የሚወለደው ልጅ ጤና ኬላ እስኪሄድ ቢጠበቅ ዕለቱ ያልፋል። በብዙ ቤት አራስና ጨቅላ በቶሎ ከደጅ አይወጡም፤ ክርስትና የሚነሡ ልጆችም ወንዱ 40፣ ሴቷ 80 ቀን ይጠበቅላቸዋል። ይህን ልማድ መውቀስ አያስፈልግም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ክትባቱን ይዛ ወደ አራሷ ቤት እንድትመጣ ማድረግ ነው የሚሻለው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ከበረዶ ጋር ተነካክቶ በረዶ ከሠራ ይበላሻል። ጠርሙሱ ብዙ ጊዜ 10 ሕፃናት የሚከተቡበት ስለሆነም ለአንድ ልጅ መክፈት ብክነት የሚመስላቸው ሠራተኞች አሉ። የአንድ ሕፃን ዕድሜ ልክ ጤና ግን ከቀሪው ጠርሙስ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጣና ከተወለዱት ሕፃናት ክትባቱን በወቅቱ ያገኙት 18 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በዓለም ደረጃ ደግሞ 45 በመቶ።

ክትባቱ ከሌሎች ጥንቃቄዎች ጋር ሲሄድ ይበረታል። በቅድመ ወሊድ ክትትል ነፍሰ ጡሯ ለኤች አይ ቪ፣ ለቂጥኝና ለሄፓታይተስ ቢ ትመረመራለች። ሄፓታይተስ ቢ ከተገኘባትና ሐኪም ካዘዘላት በእርግዝናዋ ቴኖፎቪር የሚባለውን መድኃኒት ትወስዳለች። ዓለም ይህን ሥራ «የሦስቱን በሽታዎች ከእናት ወደ ልጅ መተላለፍ ማስቆም» ብሎ ይዞታል፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ማልዲቭስ ሦስቱንም በአንድነት ያስቆመች የመጀመሪያዋ አገር መሆኗን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጧል። መድኃኒቱና ምርመራው ባልደረሰበት ቦታ እንኳ የዕለተ ልደት ክትባት ብቻውን ብዙ ልጆችን ይታደጋል። በጣም ትንሽ ሆኖ ለተወለደም ይሰጣል፤ ከሳንባ ነቀርሳ መከላከያው ጋር በአንድ ቀን መስጠትም ይቻላል።

ነፍሰ ጡርም፣ ባልም፣ አያትም ከወሊድ በፊት ጤና ጣቢያውን እንዲህ ብለው ይጠይቁ፦ «የሄፓታይተስ ቢ የዕለተ ልደት ክትባት አለ? ልጁ ቤት ቢወለድ ማን ይዞት ይመጣል?» በየቤቱ ይህ ጥያቄ ሲደጋገም ጤና ጣቢያው ክትባቱን ለማዘጋጀት ይገደዳል፤ አዋላጇም ዕለቱን ላለማሳለፍ ትገደዳለች።