ባላ በትር የያዘን መንገደኛ ማን ይነካል?

ዛሬ በኢትዮጵያ ረጅም መንገድ የሚወጣ ሰው ከስንቁ በፊት ስልኩን ያነሳል። «በዚያ በኩል እንዴት ነው? መኪና ያልፋል?» ብሎ ይጠይቃል። ታማሚ ይዞ ሐኪም ቤት የሚሄደውም፣ ለቅሶ የሚደርሰውም፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ተማሪም ጥያቄው አንድ ነው። ባሌ ውስጥ ይኸው ጥያቄ ለዘመናት ሌላ መልስ ነበረው፤ መልሱም ጫፉ ባላ የሆነ አንድ በትር ነበር።

በትሩ ወደ ድሬ ሼህ ሁሴን ለዝየራ የሚጓዙ ሰዎች ምልክት ነው። ሼህ ሁሴን በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደኖሩ የሚታመን የባሌ አውሊያ ናቸው። መቃብራቸው የሚገኘው በምሥራቁ የባሌ ቆላ፣ አናጂና በሚባለው ስፍራ ነው። በኖራ የተለሰነውን ሕንፃ የአገሩ ትውፊት ከሐረሩ አሚር አብዱሽኩር ጋር ያገናኘዋል፤ አሚሩ የገዙት እ.ኤ.አ. ከ1783 እስከ 1794 ነው። ሰው ወደዚያ የሚጎርፈው በዓመት ሁለት ጊዜ ሲሆን አንደኛው ከአረፋ በዓል ጋር ይገጥማል። ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከደጋው ባሌ ይመጣል። ሙስሊሙ ይበዛል፤ ክርስቲያኑም፣ ዋቄፈታውም አይታጣም።

ብዙው የሚሄደው ለጤናው ነው። መካን ልጅ ትለምናለች፣ የታመመ ይሳላል፣ ስለቱ የሰመረለት ሊያደርስ ይመለሳል። «ጀዋራ» የሚሉትን ነጭ አፈር ፊታቸውን ይቀቡታል፣ ለቤትም ቋጥረው ይመለሳሉ። መንገዱን የሚያሳጥረው ዜማ ነው። «ባህሮ» የሚባለውን የውዳሴ ዜማ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ በኦሮምኛ ነው፣ ቃሉም በምሥጢርና በፍንጭ የተሞላ ነው። የቋንቋ ሊቁ አንድሬዬቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጥናት የጻፈበት ይህንኑ የተሸፋፈነ አነጋገር ነው። ዜማው ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ገና ከሩቅ የሚመጣው ማን እንደሆነ ይናገራል። ባላ በትር ይዞ ባህሮ እያለ የሚመጣ ሰው እንግዳ ነው፤ ያበሉታል፣ ያሳድሩታል።

ልማዱ ከሼህ ሁሴን ዝየራ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። ከሩቅ ወለጋ ሳይቀር የኦሮሞ «ጂላ»ዎች በባሌ ወደነበረው አባ ሙዳ እየተጓዙ ተቀብተው ይመለሱ ነበር። ወራት የሚፈጀው ጉዞ እርስ በርሳቸው በሚዋጉ ጎሳዎች መካከል ያልፋል። ይሁንና ጂላን መንካት ነውር ብቻ ሳይሆን እርግማን ነበር። ዘመኑን ማስዋብ አይገባም፤ ባሪያ ፈንጋይም፣ ከብት ዘራፊም፣ ደም መላሽም ያኔ ሞልቶ ነበር። አስገራሚው ነገር በዚያ ሁሉ መሐል አንድ ዓይነት መንገደኛ በስምምነት ከጥቃት ውጪ መደረጉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1894 አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ የተባለ አሜሪካዊ ከበርበራ ተነስቶ ሼህ ሁሴን ደረሰ፤ የሶፍ ዑመርን ዋሻም አየ። ሰውየው ሐኪም ነበር። በዚያው ቆላ በሽተኞች እንጨት ይዘው መድኃኒት ፍለጋ ሲያልፉ፣ ሐኪሙ የሚጓዘው ጠመንጃ በያዙ አጃቢዎች ታጅቦ ነበር።

ያ ዘመን የጠመንጃው መባቻ ነው። የምኒልክ ሠራዊት አርሲን ከረጅም ውጊያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1886 አስገብሮ ወደ ባሌ ዘለቀ፤ ጎባም የጦር ሰፈር፣ ኋላም የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ ሆነች። (ሮቤ በኋላ ነው የገነነችው፤ የአርሲዋ ሮቤ ሌላ ናት።) እ.ኤ.አ. በ1900 ገደማ የጂላ ጉዞ ተከለከለ። ከየአቅጣጫው ሰው የሚሰበሰብበት መንገድ ለአዲሱ መንግሥት ስጋት መሆኑ አይገርምም። ዝየራው ግን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ የመንግሥትና የአማፂ ሆነ። የመሬት ቅየሳው፣ ግብሩና የሹማምንቱ በደል እ.ኤ.አ. በ1963 አመፅ ወለደ፤ በዋቆ ጉቱ ስም የሚታወቀው ይህ አመፅ እስከ 1970 ቆየ። መንግሥት «ሽፍታ» ይላቸው ነበር። አማርኛው ራሱ ችግር አለበት፤ «ሽፍታ» ኪስ የሚያራግፈውንም፣ በደል አስመርሮት ጫካ የገባውንም በአንድ ቃል ይጠራል። በዚህ የተነሳ የባሌ መንገድ ታሪክ በመዝገብ ላይ ሲነበብ ወንጀሉና ፖለቲካው ተደባልቆ ይገኛል። የሶማሊያው ጦርነት ቆላውን አመሰው። ደርግም ገጠሬውን በመንደር ማሰባሰብ የጀመረው በባሌ ነው። እንግዳ ያሳድር የነበረው የመንገድ ዳር ቤት ያኔ ፈረሰ።

የሃይማኖቱም ክርክር አለ። ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ተምረው የተመለሱ የባሌ ልጆች የመቃብር ዝየራን ከእስልምና ውጪ ነው ብለው ሰበኩ፤ ኖርዌያዊው ተመራማሪ ተርየ ኡስተቦ የሰለፊያን ወደ ባሌ መግባት በመጽሐፍ ዘርዝሮታል። የእምነት ክርክሩን ለባለቤቶቹ መተው ነው። በትሩን የሚያከብረው ሰው ቁጥር ሲያንስ ግን የበትሩ ጉልበትም አብሮ ያንሳል።

ለጤና የሚጓዘው ሰው ግን አላነሰም፤ የሚሄድበት ነው የተቀየረው። ዛሬ ከሐረና ቡሉቅ ከፍ ያለ ሕክምና ፈልጎ ወደ ጎባ ሪፈራል ሆስፒታል የሚመጣ ታማሚ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የሰነቴን አምባ ማቋረጥ አለበት። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ብዙ ክልሎችን ያዳረሰው የኮሌራ ወረርሽኝ መጀመሪያ የታየው በዚሁ ወረዳ ነበር። ለኮሌራ በሽተኛ የሰዓታት መዘግየት ሞት ነው፤ መንገዱ ከተዘጋ ግሉኮሱ ጎባ መኖሩ ምንም አይረባውም።

ዘፈንም መንገድ ጠባቂነቱ ቀርቷል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ተገደለ። በማግሥቱ ባሌን ጨምሮ በብዙ የኦሮሚያ አካባቢዎች መንገድ ተዘጋ፣ ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደየቤታቸው የሚመለሱ ተማሪዎች ገብረ ጉራቻ አጠገብ ከአውቶቡስ ወርደው ታገቱ፤ ወላጆችም ቤዛ ተጠየቁ። ሩቁ ትተን ቅርቡን ብናይ እንኳ፣ በቀድሞው ልማድ ዕውቀት ሊቀስም የሄደ መንገደኛ ከታማሚና ከዘያሪ ተለይቶ የሚታይ አልነበረም።

ድሬ ሼህ ሁሴን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዩኔስኮ ጊዜያዊ የቅርስ መዝገብ ላይ ይገኛል። ጎብኚው ኖራ የተቀባውን ግንብ፣ መስጊዱን፣ መቃብሮቹን ያያል፤ በበዓሉ ሰሞን ከደረሰ ባላ በትር የያዙትንም አይቶ ፎቶ ያነሳል። እነሱም እንደማንኛችንም ከመነሳታቸው በፊት ስልክ መደወላቸው አይቀርም።