ሙያ በልብ ነው

እኛ የላስ ቬጋስ ኢትዮጵያውያን ስንተዋወቅ ከስም ቀጥሎ የምንጠያየቀው «አገር ቤት ምን ይሠሩ ነበር?» እየተባባልን ነው። መምህር የነበረው ዛሬ ታክሲ ይነዳል፤ ነርስ የነበረችው የሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ከጥያቄው በስተጀርባም «ያ ሁሉ ዕውቀት እዚህ ምን ይረባል?» የሚል ሌላ ጥያቄ አለ። ለዚህ መልስ የሚሆን አንድ እውነተኛ ታሪክ ላውጋችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን ለማጥናት ዓድዋ ነበሩ። በሽታው ስሙን ያገኘው በ1851 ካይሮ ላይ ትሉን ካገኘው ጀርመናዊ ሐኪም፣ ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ትሉ በወንዝ ቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ካላለፈ ሰውን አይዝም። ሕመሙም እንደ ዋዛ የሚታይ አይደለም። የሽንት ፊኛን የሚያጠቃው የትሉ ዝርያ ካንሰር እንደሚያመጣ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ1994 መስክሯል። የዓድዋው ግን አንጀትንና ጉበትን የሚጎዳው ሌላው ዝርያ ነው።

ዶክተር አክሊሉ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ያያሉ። ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ሞልተዋል። ቀንድ አውጣውን የገደለው እንዶዱ መሆኑንም በሙከራ አረጋገጡ።

እስቲ አሁን የሰዎቹን ሙያ ተመልከቱ። ዶክተር አክሊሉ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተማሩ፣ የጥገኛ ተሕዋስያን ተመራማሪ ናቸው። የሥራ ባልደረባቸው ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ደግሞ የእርሻ ሰው ናቸው። ብዙ የእንዶድ ዓይነቶችን አወዳድረው «ዓይነት 44» የተባለውን ለምርት መረጡ። ልብስ አጣቢዎቹ ዲፕሎማ የላቸውም፤ የያዙት ከእናት ወደ ልጅ የወረደ ዕውቀት ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ሥራው ባልተሟላ ነበር።

ከ1969 እስከ 1974 ዓድዋ ውስጥ በወንዞቹ ላይ እንዶድ ተሞከረ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት በሽታው ከመቶ 50 ወደ 7 ወረደ። ይህ ሁሉ ሆኖ ዓለም ቶሎ አላመነም። በውጭ አገር ቤተ ሙከራ ካልተመረመረ ተብሎ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉ የአፍሪካ ሳይንቲስት ሥራ በአገሩ ሲሠራ እንደማይታመን ደጋግመው ተናግረዋል። «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ሁለቱ ባልደረቦች የተቀበሉት በ1989 ነው፤ ከግኝቱ 25 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

በ1990 ኦሃዮ ውስጥ በቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ እንዶድ የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ባለ ዛጎል እንስሳ እንደሚገድል ታወቀ። ዩኒቨርሲቲውም ፓተንት አወጣበት። የዓድዋ ሴቶች ግን በፓተንቱ ላይ ስማቸው የለም። የዜብራ መስል ዘመድ የሆነው ኳጋ መስልም በ2007 የከተማችን ውሃ በሚቀዳበት በሌክ ሚድ ተገኝቷል። እንዶድ ለሌክ ሚድ መፍትሔ ነው ማለቴ አይደለም። የዓድዋ ወንዝ ዳር ዕውቀት ለዚህም አገር ሩቅ እንዳልሆነ ለማስታወስ ያህል ነው።

ዶክተር አክሊሉ በ1997 ዐረፉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የምርምር ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

አንባብያን ሆይ፤ ሙያ በልብ ነው ሲባል ተደብቆ ይቅር ማለት አይደለም። በ1964 ወንዝ ዳር ቆሞ የጠየቀ ሰው ባይኖር ኖሮ የሴቶቹ ዕውቀት ከአረፋው ጋር ፈስሶ ይቀር ነበር። እናቶቻችሁንና አባቶቻችሁን የሚያውቁትን ጠይቋቸው፤ ጻፉትም። ልጆቻችሁም «አገር ቤት ምን ነበርሽ? ምን ነበርክ?» ሲሏችሁ በአጭሩ አትለፉት፤ ተቀምጣችሁ ንገሯቸው።