ጠገራ ብርና የምኒልክ ብር

የኢኮኖሚክስ ጓደኞቻችን «አቅርቦት ሲያንስ ዋጋ ይንራል» ይሉናል። ነገሩ እንዲያ ቀላል ቢሆን ኖሮ በቅድመ አያቶቻችን ዘመን አንድ የምኒልክ ብር ሁለትና ሦስት ጠገራ ብር መመንዘር ነበረበት። የሆነው ግን ተገላቢጦሹ ነው። በጥቂቱ የታተመው የራሳችን ንጉሥ ብር፣ በየገበያው እንደ አሸዋ ለፈሰሰው የባዕድ ንግሥት ብር እጁን ሰጠ። ለምን?

ጠገራ ብር የምንለው የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ብር ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ብሯ ግን አልሞተም። እሷን የተኩት ነገሥታት የየራሳቸውን መልክ ያስቀረጹበት ብር በቀይ ባሕር ወገን የሚፈልገው ጠፋ። ልብ በሉ፣ የልጇ የዮሴፍ ብር በጥሬ ብርነቱ ከእናቱ ብር አያንስም ነበር። ታዲያ ምን ይደረግ? ቬየና የሟቿን መልክ፣ 1780 የሚለውን ዓመት እንኳ ሳትለውጥ፣ ስታትም ኖረች።

የአገራችን ገበሬም ብር ሲሰጡት ዝም ብሎ ኪሱ አይከትም። የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻዋን ዕንቁ አንድ በአንድ ያያል፤ ድምፁን ያዳምጣል። ጠርዙ ጽሑፍ ስላለበት ዙሪያውን የፋቀው ሌባ ወዲያው ይታወቅበታል። ፊደል ላልቆጠረ ሰው ያ መልክ ራሱ ፊደል ነበር። እንግሊዞች እንኳ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ ሲዘምቱ ለገብሱና ለበቅሎው የሚከፍሉት ከ4 ሚሊዮን በላይ ማሪያ ቴሬዛ ይዘው ነው የመጡት። ያ ሁሉ መድፍ እያላቸው የገበሬውን ምርጫ አከበሩ!

አጼ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. የራሳቸውን ገንዘብ አወጁ። ብሩ በፓሪስ ታተመ፤ የመጀመሪያዎቹ ላይ የተጻፈው ዓመት 1887 ነው። በአንድ በኩል የንጉሡ መልክ፣ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ አለበት። ክብደቱ እንደ ጠገራው 28 ግራም ያህል ነው። ጥራቱ እንዲያውም በፀጉር ይበልጣል፤ ጠገራው ከሺህ 833 እጅ ጥሬ ብር ሲሆን የምኒልኩ 835 ነው። ሆኖም ከአዲስ አበባና ከሐረር አካባቢ እየራቁ ሲሄዱ የሚቀበለው እየሳሳ ሄደ። ንጉሡ ክተት ሲሉ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ድረስ የተመመ አገር፣ ብራቸውን «አይ፣ ያችን አምጡልኝ» አለ።

ይህን የአገር ፍቅር ማነስ ነው የሚል ካለ አልስማማም። ገበሬው ሒሳቡን ያውቃል። ጨርቅ የሚያመጣለት ነጋዴ ጠገራውን በየመንም፣ በጅዳም፣ በሱዳንም ይመነዝረዋል። የምኒልኩ ብር ግን ድንበር ላይ ሲደርስ ጥሬ ብር ብቻ ነው። ነገ ማንም የማይቀበለውን ነገር ዛሬ ማን ይቀበላል? ጥቂት መሆኑ ደግሞ ባሰበት። ሰው በየቀኑ ስለማያየው አያውቀውም፤ ስለማያውቀው ይጠረጥረዋል።

ጣልያንም ከዚሁ ጋር ተላትሟል። በኤርትራ የንጉሥ ኡምቤርቶን መልክ እ.ኤ.አ. በ1891 እና በ1896 አስቀርጾ ሞከረ፣ አልሆነም። በ1918 ደግሞ ማሪያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት ያለችበት ብር አወጣ። መመሳሰሉ ለሮም ሹማምንት በቂ መስሏቸው ይሆናል፤ ዕንቁ ሲያይ ያደገውን ነጋዴ ግን አላታለለም። በመጨረሻ፣ በ1935 አገራችንን ሊወር ሲዘጋጅ፣ ሙሶሊኒ የማተሚያ ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዶ እውነተኛዋን ማሪያ ቴሬዛ ሮም ላይ ማሳተም ጀመረ። ለወረራው የሚከፈለው በእሷ ነበርና።

የምኒልክ ገንዘብ ሁሉ ከሸፈ ማለት ግን አይደለም። ጠገራው ለችርቻሮ ትልቅ ነው፤ ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነበር። አሞሌ ደግሞ ይሰበራል፣ በዝናብ ይሟሟል፣ ከጨው ምድሩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይለያያል። ስለዚህ ግርሹ፣ ታሙኑና ሩቡ ከትልቁ ብር ይልቅ ገበያ አገኙ። እዚያ ጋ ተቀናቃኝ ንግሥት አልነበረችማ።

ዛሬ ሁለቱም ብሮች ከገበያ ወጥተው በቅርሳ ቅርስ መሸጫ መስታወት ሥር ተኝተዋል። ሰብሳቢ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀው የምኒልኩን ነው፤ ደህና ሆኖ ከተገኘም ብዙ ይከፍልበታል። ጠገራዋን ግን ባለሱቁ ሚዛን ላይ አውጥቶ በጥሬ ብርነቷ ይሸጣታል።