ያልተነበበ ማስታወቂያ

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የቀላል መረብ አስተዳደር ፕሮቶኮል (ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ.) ደንብ፣ ሊፈታ ያልቻለ መልእክት የደረሰው ተቀባይ መልእክቱን ይጣለው፤ ሌላም ነገር አያድርግ ሲል ደነገገ። «ትራፕ» የተባለው የችግር ማስታወቂያ መልስ የማይጠበቅበት ስለ ነበር፣ ላኪው መሣሪያ ጩኸቱ ከንቱ መቅረቱን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ነገሩ ግን ከቸልተኝነት የመነጨ አልነበረም። ዋናው ክትትል መሣሪያዎችን በየጊዜው በመጠየቅ እንዲካሄድ፣ ማስታወቂያውም የጠያቂውን ዓይን እንዲመራ ብቻ ታስቦ ነበርና።

በ1991 የጸደቀው የመረጃ ሠንጠረዥ የአፈታት ስሕተቶችን የሚቆጥር መቁጠሪያ ያዘ፤ ቁጥሩ ግን የጠፋው የየትኛው መሣሪያ ድምፅ እንደ ሆነ አይናገርም። በ1993 የወጣው ሁለተኛው እትም፣ መጀመሪያ በአስተዳዳሪ ጣቢያዎች መካከል ብቻ፣ መልስ የሚሻውን «ኢንፎርም» አስገባ። ያም ቢሆን መልሱ የሚመሰክረው ለመድረሱ እንጂ ለመታወቁ አይደለም፤ ትርጉሙ ለጣቢያው እንግዳ የሆነ ማስታወቂያ «ደርሷል» ከተባለለት በኋላም ሳይነበብ ሊቀር ይችላል።